ዳገቱን በኋላ ማርሽ

ይድረስ ለታላቅ እህቴ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን እጠይቃለሁ። ወገብሽን የሚይዝሽ ነገር ተሻለሽ ወይ? ልጆችስ እንዴት ናቸው? ባለቤትሽ አሁንም ዜና በመጣ ቁጥር ከቴሌቪዥኑ ጋር ይጣላል? ሁሉንም በየስማቸው ሰላም በይልኝ። እኔን እንዴት ነህ ካልሽኝ ቆሜ እሄዳለሁ፣ ሲያቀርቡልኝ እበላለሁ፣ ሰው ሲያናግረኝ እመልሳለሁ። ከዚህ አልፌ ደህና ነኝ ብልሽ እዋሽሻለሁ።

ደውለህ አትነግረኝም ወይ ትይ ይሆናል። እቴ፣ በስልክ ስናወራ አንቺ ትጮሂያለሽ፣ እኔ ዝም እላለሁ፣ ከዚያ አንዳችን እንዘጋለን። ባለፈውም “አባባን ከሆስፒታል እንዳታወጣው! እኔ እስክመጣ ንክች እንዳታደርገው!” ብለሽ ዘጋሽብኝ። መልሴ የመጣልኝ አንቺ ከዘጋሽ በኋላ ነው። እንደምታውቂው እኔ ወሬ አይሆንልኝም፤ የዕለት ማስታወሻዬን ስጽፍ ብቻ ነው ሐሳቤ የሚሰበሰበው። ስለዚህ ዛሬ ማስታወሻውን ትቼ ላንቺ እጽፋለሁ። ያለሁት ጋራዥ ውስጥ ነው፤ የተቀመጥኩትም ከአሮጌ መኪና በተነቀለ የኋላ ወንበር ላይ። ወረቀቱ ላይ ዘይት ካየሽ ጥፋቱ የወንበሩ ነው።

መጀመሪያ ስለ አባባ። ሐኪሟ ወደ ኮሪደሩ ጠርታ እውነቱን ነግራኛለች። በሽታው አከርካሪው ውስጥ ገብቷል። ከእንግዲህ የሚሰጡት የሕመም ማስታገሻ ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ ቤቱም ሆኖ መውሰድ ይችላል። “እዚህ ስለቆየ የሚጨመርለት ነገር የለም” አለችኝ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነበር፤ ግን የአባባን ጆሮ ታውቂዋለሽ። ተመልሼ ስገባ ዓይኑን እንደጨፈነ፣ “ሰምቻለሁ። በል ውሰደኝ” አለኝ።

“ወዴት ልውሰድህ?” አልኩት።

“ሆቴል ነዋ! ወዴት ይመስልሃል? ቤቴ ውሰደኝ እንጂ!”

እንደማይቆይ ያውቃል። አንድ ነገር ብቻ ነው የሚጠይቀው። በዳገቱ አናት ባለው ቤቱ፣ በመስኮቱ ሥር ባለው አልጋው ላይ ልተኛ ነው የሚለው። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ውሎው እዚያ እንደሆነ አንቺም ታስታውሻለሽ። ዳገቱን የሚወጣውን መኪና ሁሉ በድምፁ ይለየዋል። ሹፌሩንም ሳያየው ይፈርድበታል። “ይሄ የሚነዳው የሰው መኪና ነው፤ የራሱ ቢሆን እንዲህ አያስጮኻትም” ይላል። “ይቺ ደግሞ አሁን ማርሽ ትቀንሳለች... ቀንሺ... ቀንሺ እንጂ እናቴ... ጎሽ!” ሆስፒታሉ ውስጥ መስኮቱ የሚያየው ወደ ግድግዳ ነው። “እዚህ ቀኑን ሙሉ የምሰማው ጄኔሬተር ነው” አለኝ። “እሱ ደግሞ ማርሽ አይቀይርም።”

እቴ፣ ሰው ይሄን ሲለምንሽ እምቢ ትይዋለሽ? አንቺ ትችይ ይሆናል። እኔ አልቻልኩም።

ችግሩ መኪናው ነው። አባባ መቀመጥ አይችልም። ጀርባው ሳይታጠፍ ተጋድሞ ነው መጓዝ ያለበት። የሆስፒታሉን አምቡላንስ ጠየቅኩ። አምቡላንስ ሰው የሚያመጣው ወደ ሆስፒታል ነው፣ ከሆስፒታል ሰው አያወጣም አሉኝ። የጭነት መኪና ያለው ሰው ተነጋግሬ አመጣሁ። ሹፌሩ እስከ በሩ ድረስ መጣ፣ አባባን በቃሬዛ ላይ አየው፣ ከዚያ ትከሻዬን ያዝ አድርጎ፣ “ወንድሜ፣ እኔ የምጭነው የቤት ዕቃ ነው” ብሎኝ ሄደ። ሌሎቹም ቃሉን እያሳመሩ ይሄንኑ ነው ያሉኝ። አንድ ጓደኛዬ ፒክአፑን ሊሰጠኝ ነበር፤ ፒክአፑ ግን ክፍት ነው፣ ዝናቡም ሰሞኑን አላባራም። አባባም ቢሆን ይሄን ሁሉ ሰምቶ፣ “በሷ ነው የምሄደው፤ ምን ታደክማቸዋለህ?” ይለኛል።

“በሷ” የሚለው ቫናችንን ነው። አባባ ከመሥሪያ ቤቱ ሹፌርነት ከወጣ በኋላ ዓይኑ እስኪደክም ድረስ ፍራሼን ያመላለሰባትን። እውነቱን ነው፤ ወለሏ ረጅም ነው፣ ጣሪያ አላት፣ ፍራሽ ደግሞ ከኔ ሱቅ አይጠፋም። ሁለት ወፍራም ስፖንጅ ደርበን ብናነጥፍለት ከሆስፒታሉ አልጋ የተሻለ ይተኛል። ብቻ እሷም ታማለች።

የጀመራት ከክረምቱ ጋር ነው። ዳሽቦርዱ ላይ መብራት በራ፣ ከዚያ ሦስተኛ ማርሽ ላይ ተቸንክራ ቀረች። ካምቢዮዋ አውቶማቲክ ስለሆነ በእጅሽ ቀይረሽ የምትገላገይው አይደለም። ሜዳ ላይ እያነከሰችም ቢሆን ትሄዳለች፤ ዳገት ግን በሦስተኛ አይወጣም። ያንን ዳገት ደግሞ ታውቂዋለሽ። ካንቺ የበለጠ የሚያውቀው የለም።

መካኒኩን “ፊውዝ” ይሉታል። ቶሎ ስለሚቃጠል ነው። ማሽኑን ሰክቶ አንብቦ ሲያበቃ፣ “ባለፍራሹ፣ ካምቢዮህ ደህና ነው። ካምቢዮውን የሚያዘው ኮምፒዩተር ነው ያበደው” አለኝ። አልገባኝም ስለው፣ “እግሯ ደህና ነው፤ ጭንቅላቷ ነው!” ብሎ ጮኸብኝ። በሹፌሩ በኩል ምንጣፉን ገልጦ አሳየኝ። መጽሐፍ የምታክል የብረት ሣጥን ናት፤ ውኃ ገብቷት ዝጋለች። “ይሄን ወለል በባልዲ ውኃ የሚያጥብ ጉድ ነበር እንዴ?” ብሎ ጠየቀኝ። በየሳምንቱ ባልዲውን ይዞ “መኪና እንደ ሰው ነው፣ እግሩ መታጠብ አለበት” ሲል የኖረው ማን እንደሆነ አንቺም እኔም እናውቃለን። ለአባባ አልነገርኩትም፤ አንቺም እንዳትነግሪው።

ይቺን ሣጥን መቀየር ነው እንግዲህ። አዲስ የለም። ፊውዝ ግን ሌላ ከተማ ካለ ዕቃ ሻጭ ዘንድ፣ ከተፈታች ተመሳሳይ ቫን የወጣች አግኝቶልኛል። በአውቶቡስ ትመጣለች። አሮጌዋ ውስጥ ያለውን መረጃ ወደሷ ይገለብጣል፤ ካልገለበጠ መኪናዋ “አንተ ማን ነህ?” ብላ አትቀበላትም አሉ። ከዚያ አባባን እንወስደዋለን። አንቺም ቶሎ ነዪ። እባክሽ ቶሎ ነዪ፤ በሆስፒታሉ በኩል ሳይሆን ቀጥታ ወደ ቤት ነዪ። ፊውዝ እየጠራኝ ነው፤ እመለሳለሁ።

* * *

እቴ፣ አሁን ያለሁት የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ነው። ከላይ የጻፍኩትን መልሼ አነበብኩት፤ ተስፋ ያለው ሰው የጻፈው ይመስላል። ልቅደደው ብዬ ነበር። ግን ይሁን፣ የሆነውን ሁሉ እንደሆነ እወቂው።

ዕቃው መጣ። መናኸሪያ ሄጄ የተቀበልኩት እኔ ነኝ። ካርቶኑ የብስኩት ካርቶን ነው፤ ሣጥኗን በአሮጌ ጋዜጣ ጠቅልለዋታል። ሻጩን አላውቀውም፣ ፊቱንም አላየሁትም። ሥራዬን ታውቂያለሽ። አንድ ጊዜ ስፖንጅ ነው ብለው በጨርቅ ቁርጥራጭ የተሞላ ፍራሽ ካሸከሙኝ ወዲህ፣ ሆዱን ሳላይ የምገዛው ዕቃ የለም። ስፌቱን ጣት የሚያስገባ ያህል በምላጭ እከፍትና በአውራ ጣቴ ጫን አደርጋለሁ። ከተመለሰ ስፖንጅ ነው፤ ተጎድጉዶ ከቀረ ሌላ ነገር ነው። ነጋዴዎቹ ይስቁብኛል፤ ግን ከዚያ ወዲህ ያታለለኝ የለም።

ገባሽ አይደል ምን እንዳደረግሁ?

ሱቅ ገባሁና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኳት። ዙሪያዋ በጥቁር ማጣበቂያ ታሽጓል። ተበላሽታ ቢሆንስ? ውኃ ገብቷት ቢሆንስ? ፊውዝ ገጥሞ፣ ሳትሠራ ቀርታ፣ ሌላ እስክትመጣ አባባ ቢያመልጠኝስ? ጊዜ ላተርፍለት ብዬ ነው እቴ፤ በፈጣሪ ስም እምልልሻለሁ። ምላጬን በማሸጊያው ዙሪያ አዞርኩት። ክዳኑ ተነሳ። ውስጧ ጥርት ባለ፣ ረግቶ በሚንቀጠቀጥ ነገር ተሞልቷል፤ ከሥሩ ከፀጉር የቀጠኑ ወርቃማ ሽቦዎች ይታያሉ። ዝገት የለም፣ ውኃ የለም። ጥሩ ዕቃ ነው አልኩ በልቤ። ልክድነው ስል አውራ ጣቴ፣ እኔ ሳላዘው፣ ጫን አደረገው።

አልተመለሰም።

ማስቲሼን አውጥቼ መልሼ ለጠፍኩት። ሥራዬ ነውና ጥሩ አድርጌ ነው የለጠፍኩት። መክፈቴን ሳልነግረው ለፊውዝ ሰጠሁት። እሱም ማሽኑን ሰካ፣ ነቀለ፣ እንደገና ሰካ። ማሽኑ ጭራሽ ሣጥን መኖሯንም አላየም። ፊውዝ ወዲያው ተቃጠለ። ለዕቃ ሻጩ ደውሎ፣ “አንተ ሌባ! አንተ የሙት ዕቃ ነጋዴ! ሰው አባቱን ሊያጓጉዝ ነው እኮ!” እያለ ያ ጋራዥ እስኪናወጥ ጮኸበት። ሰውየውም በስልኩ ውስጥ በልጆቹ ይምላል፣ ይሰማኛል። “ፈትሼ ነው የላክሁት፣ በልጆቼ!” ይላል። እኔ አጠገቡ ቆሜያለሁ። ሰው በኔ ጥፋት በልጆቹ ሲምል ቆሜ እሰማለሁ። ልናገር እያልኩ አፌ አልከፈት አለኝ።

ፊውዝ ስልኩን ወረወረና ሣጥኗን ከፈታት። ማስቲሹ ገና አልደረቀም ነበር። ውስጧን አየ፣ ዝቅ ብሎ እንደገና አየ። ከዚያ በዝግታ ቀና ብሎ፣ “ይሄ የማን አውራ ጣት ነው?” አለኝ።

አሻራዬ መሃሏ ላይ እንደ ማኅተም ተቀምጧል። ጥፍሬ ሳይቀር ያስታውቃል፤ ከሥሩ ያሉት ቀጫጭን ሽቦዎች ተበጣጥሰዋል።

“የኔ ነው” አልኩት።

“ፍራሽ መሰለህ?” አለኝ። ጮኸብኝ ብልሽ ደስ ባለኝ፤ አልጮኸም። “ባለፍራሹ፣ ፍራሽ መሰለህ እንዴ?” ብሎ ደግሞ ጠየቀኝ፤ እውነት መልሱን የሚፈልግ ይመስል። ከዚያ ስልኩን አንስቶ ሻጩን ይቅርታ እንድጠይቀው ሰጠኝ። ጠየቅኩት። ሰውየው መልካም ሰው ነው፤ ሌላ ሣጥን እፈልጋለሁ፣ አገኛለሁ አለ። ግን አውቶቡሱ የሚመጣበትን መንገድ ጎርፍ ቆርጦታል። መቼ እንደሚከፈት የሚያውቅ የለም።

ይሄን ይዤ ሆስፒታል ስደርስ ሐኪሟ ትጠብቀኝ ነበር። አባባ ሌሊቱን ከብዶት አድሯል። “ልትወስዱት ካሰባችሁ ነገ ውሰዱት” አለችኝ። “ከዚያ ወዲያ ግን ከአልጋ አልጋ እንኳ ማዘዋወር አልመክርህም።” ዳገቱን በቃሬዛ ተሸክመን ብናወጣውስ ብዬ ጠየቅኋት። ከሰፈር ጎረምሶች አራቱን አነጋግሬ ነበር፤ እሺ ብለውኛል። መንገዱ ምን ዓይነት ነው አለችኝ። ድንጋይና ጭቃ ነው፣ በዝናብ ያንሸራትታል አልኳት። አንድ ሰው ከተንሸራተተ በሕመሙ ብቻ ሊሞትባችሁ ይችላል አለችኝ።

አሁን ኮሪደሩ ላይ ተቀምጬ ግድግዳውን አያለሁ። በሕይወቴ ስንት ዕቃ ገዝቼ ሸጫለሁ፣ ስንት አታላይ አይቼ አሳልፌያለሁ፤ ለአባቴ አንድ ነገር ብገዛለት በገዛ ጣቴ ገደልኩት። አንቺ ትክክል ብትሆኚስ? እዚሁ ይቆይ ያልሽው ልክ ቢሆንስ? መንገድ ላይ እንዳይሆንብኝ እፈራለሁ። እዚህ ግድግዳ እያየ እንዳይሆንበትም እፈራለሁ። የትኛውን ፍርሃት ልስማ? ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ነው የምጽፈው፤ ጽሑፌ ካልተነበበልሽ ይቅርታ አድርጊልኝ። እስካሁን አላለቀስኩም። እንባው እንደዚያች መኪና ዳገቱን እምቢ ይላል።

አባባ ሲጠራኝ ገባሁ። “ዕቃው መጣ?” አለኝ።

“መጣ” አልኩት።

“ሠራ?”

“አልሠራም። እኔ ነኝ ያበላሸሁት። በጣቴ ተጫንኩት።”

ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ። የተቆጣ መስሎኝ አንገቴን ደፋሁ። ሳየው ለካ እየሳቀ ነው፤ መሳቅ ስለሚያመው አፉን ገጥሞ። “አንተ ስፖንጅ!” አለኝ። በልጅነቴ ያወጣልኝን ስም ታስታውሻለሽ? ሱቅ ከከፈትኩ ወዲህ ጠርቶኝ አያውቅም ነበር። “ተመለሰ ወይስ ጎደጎደ?”

“ጎደጎደ።”

“እንግዲያው ስፖንጅ አልነበረማ” አለኝ። ከዚያ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ፤ ነርሷ መጥታ አስወጣችኝ።

ነገ እወስደዋለሁ። እንዴት እንደሆነ አላውቅም፤ ግን እወስደዋለሁ። ይህን ስታነቢ ብትናደጂብኝም መብትሽ ነው።

* * *

እህቴ፣ ይሄን የምጽፍልሽ ከቤት ነው። አባባ ከሚቀመጥበት መስኮት ሥር ሆኜ።

ፊውዝ አሮጌዋን ሣጥን አድርቆ መለሳት። ጎማውንና ፍሬኑን ሳልጠይቀው አየልኝ። ቁልፉን ሲሰጠኝ፣ “ሦስተኛ አለህ፣ ኋላ ማርሽ አለህ። ሌላ የለህም” አለኝ። “ሜዳውን በእርጋታ ሂድ። ዳገቱ ላይ ካስገደድካት ካምቢዮውን ታቃጥለዋለህ፤ ያን ጊዜ ሦስተኛም አይኖርህም።” ዳገቱንስ እንዴት ልውጣ አልኩት። ፊውዝ ዓይኑን ወደ መሬት መለሰ። እሱን አላውቅልህም አለኝ።

ሁለት ፍራሽ ደርቤ አነጠፍኩ። ሁለት ነርሶች ረድተውኝ አባባን አጋደምነው፤ ራሱ ወደኔ፣ እግሩ ወደ ኋላው በር። ትራስ ደራርቤለት በኋላው በር መስታወት ውጭውን ማየት ይችል ነበር። የፍራሹን ላስቲክ ላነሳለት ስል እጄን መታኝ። “ተው! ነገ ትሸጠዋለህ!” አለኝ። በተንቀሳቀሰ ቁጥር ላስቲኩ ከሥሩ እየተንኮሻኮሸ ነው የሄድነው።

ሜዳውን በሰላም አለፍነው። ክላክስ የሚያደርጉብኝን ሁሉ እሱ ከኋላ ሆኖ ይመልስላቸው ነበር፤ ያው ድምፁ ለኔ ብቻ ነው የሚሰማው እንጂ። “እለፍ ወንድሜ፣ እለፍ! ከኛ ቀድመህ የትም አትደርስም!” ይላል። አንዴ ደግሞ፣ “ፍጥነትህ ጥሩ ነው። የሠርግ መኪና እንዲህ ነው የሚነዳው” አለኝ። ጉድጓድ ባገኘን ቁጥር ዝም ይላል፤ ያን ጊዜ ነበር እንዳመመው የማውቀው።

ዳገቱ ሥር ደረስን። ዝናቡ በርትቷል። ትንሽ ቆሜ ትንፋሼን ሰበሰብኩና ነዳጁን ረገጥኩት። ወጣች፤ መሃል ዳገት ላይ እስካለችው ባለሱቅ ደጅ ድረስ ወጣች። ከዚያ ሞተሩ እየጮኸ መኪናዋ ግን ከቆመችበት አልነቃነቅ አለች። የተቃጠለ ዘይት ሸተተኝ። ጎማው መንሸራተት ጀመረ። ፍሬን ያዝኩ፣ የእጁንም ሳብኩ። ባለሱቋ ከቤቷ ሮጣ ወጥታ ድንጋይ ከጎማው ሥር ከተተችልኝ። ራሴን መሪው ላይ ደፋሁት። እቴ፣ የቀረኝ ነገር አልነበረም። ወደፊት አልሄድ፣ ሰው ጠርቼ እንዳላሸክመው ሐኪሟ ያለችኝ ጆሮዬ ላይ አለ። ቤቱ እኮ ይታየኛል! በመጥረጊያው መሃል በሩ ወለል ብሎ ይታየኛል።

ያን ጊዜ ከኋላዬ፣ “አዙረው” አለኝ።

ወደ ሆስፒታል መልሰኝ ያለኝ መሰለኝ።  “አባባ፣ ትንሽ ታገሰኝ፤ እባክህ፣ ደርሰናል እኮ” አልኩት። “አዙረው!” አለኝ ደግሞ። “አልመልስህም!” ብዬ ጮኽኩበት። አዎ፣ በአባባ ላይ ጮኽኩ። “ከዚህ በኋላ እዚያ አልመልስህም! በጀርባዬም ቢሆን አዝዬ አወጣሃለሁ!”

ትንፋሹን ሰብሰብ አደረገና፣ “አንተ ስፖንጅ” አለኝ ቀስ ብሎ። “ማን መልሰኝ አለህ? መኪናውን አዙረው። ፊቱን ወደ ታች። ኋላ ማርሽ ከሁሉም ጉልበት አለው። እህትህ እንዳወጣችው።”

እንዳወጣሽው፣ እቴ። አስታወሽ? መንዳት ሲያስተምርሽ፣ የዚያች አሮጌ መኪናው አንደኛ ማርሽ ጠፍቶ መሃል ዳገት ላይ ስትቀሩ። እሱ መካኒክ ሊጠራ ሲወርድ አንቺ አዙረሽ በኋላ ማርሽ ቤት ድረስ ያወጣሻት ቀን። እኔ አጥር ላይ ሆኜ አይ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ አጨበጨበልሽ። እሱ ግን ሮጦ መጥቶ በሰው ፊት፣ “መኪና ፊት የተሠራለት ለምን ይመስልሻል? በቂጡ እየሄደ ሊያስቅብኝ ነው?” ብሎ ሲጮህብሽ ቁልፉን እግሩ ሥር ጥለሽ ገባሽ። ከዚያ ወዲህ መሪ ይዘሽ አታውቂም። እኔ የረሳው መስሎኝ ነበር።

አዞርኩ። ባለሱቋ ድንጋዩን አነሳችልኝ፤ እሷ ደጅ ላይ ያለችውን ሰፋ ያለች ቦታ ታውቂያታለሽ፣ እዚያ ላይ አዞርኩ። ኋላ ማርሽ አስገባሁ። መኪናዋ ግር ብላ አንድ ጊዜ ተናጠች፤ ከዚያ እቴ፣ ወጣች! እንደ ቀንድ አውጣ እየተሳበች ወጣች። ስፖኪዮው በዝናብ ተሸፍኖ ምንም አይታየኝም። እግሩ ወደ ኋላው በር ስለነበር የሚያየው እሱ ነው። ባለሱቋ በዣንጥላ እየተከተለች መስታወቱን በነጠላዋ ትጠርግለታለች፤ እሱ ያዘኛል። ያን ድምፅ ከየት እንዳመጣው አላውቅም።

“ና... ና... ና። ቀኝ ስበር። ስበረው! አቅና። ና... ምን ታያለህ ወደፊት? የምትሄደው ወደዚህ ነው! ና...”

ላቤ ከዓይኔ ገባ፤ ላብ ብቻ አይደለም። ነዳጁን የምረግጠው በሱ ድምፅ ነበር። “ቀስ። እንዳታስጮኻት። የራስህ መኪና ናት” ይለኛል።

በወጉ፣ በደህና መኪና ብወስደው ኖሮ፣ እንደተጋደመ የሚያየው ጥሎት የሚመጣውን መንገድ ነበር። አሁን ግን ቤቱ ራሱ እየመጣለት ነው። ግንቡ መጣ። አጥሩ መጣ። “በሩን ማን ነው አረንጓዴ ያደረገው?” አለኝ በመሃል።

“እኔ ነኝ፤ አንተ ሆስፒታል ሳለህ።”

“ሰማያዊ ነበር እኮ።”

“እመልሰዋለሁ አባባ።”

“ተወው” አለ። “ከሩቅ ያምራል። ና... ና... ትንሽ ና...”

ከዚያ፣ “በቃ” አለኝ።

ለሹፌር እንደሚባለው፣ በትክክለኛው ቦታ ላይ፣ ከበሩ አንድ ክንድ ሲቀረኝ። ፍሬን ያዝኩ። የእጁን ሳብኩ። ሞተሩን አጠፋሁ። ዝናቡ ጣሪያው ላይ ይወርዳል። “አየህ፣ አወጣኋት” አልኩት ሳልዞር። ላስቲኩ ከሥሩ አልተንኮሻኮሸም። ባለሱቋ በመስታወቱ ወደ ውስጥ አየች፤ ከዚያ ዣንጥላዋን አጠፈችው። እኔ ወዲያው አልዞርኩም። የሆነ ያህል ጊዜ እንደዚያው መሪውን ይዤ ተቀመጥኩ።

በመስኮቱ ሥር አስተኝተነዋል፤ እንዳለው። መስኮቱንም ከፍቼለታለሁ። የፍራሹን ላስቲክ አንስቼዋለሁ፤ ፍራሹን አልሸጠውም። ሐኪሟ የሰጠችኝ ማስታገሻ እንደታሸገ ጠረጴዛው ላይ አለ፤ አላስፈለገውም። ጎረቤቱ ሁሉ መጥቷል፣ ቤቱ ሰው አልጎደለበትም፣ ብቻህን አትደር ብለው ተራ ይዘውልኛል። ፊውዝም መጥቶ ነበር፤ ካርቶን ይዞ። መንገዱ ተከፍቶ ሌላዋ ሣጥን መጥታለች። “ስትረጋጋ እገጥምልሃለሁ፤ ዕቃው እስኪገጠም ካንተ ዘንድ ይቀመጥ” ብሎ እጄ ላይ አስቀመጠው። በዚያ ሁሉ መሃል በዚያች በአውራ ጣቴ አፍሬ እቀበለው አልቀበለው ግራ ገባኝ። አልከፈትኩትም። ምን እንዳለበት አላየሁም።

ወዳንቺ የሚመጣ ሰው ስላገኘሁ ይሄን ደብዳቤ ለሱ ሰጥቼ እልክልሻለሁ። ከላይ ቶሎ ነዪ ብዬሻለሁ፤ እሱን ተዪው። ቀስ ብለሽ ነዪ። ልጆቹን አደላድለሽ፣ ወገብሽን በደንብ አስረሽ፣ ቀን ቀን እየተጓዝሽ ነዪ። ባለቤትሽ አብሮሽ ቢመጣ ደስ ይለኛል። አባባ ያለኝን ሁሉ ቁጭ ብለን እነግርሻለሁ። አንዱን ግን ነግሬሻለሁ፤ “እህትህ እንዳወጣችው” ነው ያለው። አልረሳውም ነበር።

ፈጣሪ መንገድሽን የተቃና ያድርገው፤ የልጆችሽን ወግ ማዕረግ ያሳይሽ። እኛ ቤት ደጃፉ ክፍት ነው፤ አምሽተሽ ብትደርሺም በሩ ላይ መብራት ትቼልሻለሁ። ታክሲው ዳገቱ ሥር ሲደርስ አልወጣም ካለሽ ግን እንዳትወርጂ።

አዙረው በይው።

ታናሽ ወንድምሽ